የወንድ ብልት መጣመም፤ ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ማድረግ ይቻላል?



ባልና ሚስት ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ስለ ኪኒን፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረው መከላከያ ነው። አልፎ አልፎ ግን ጉዳያቸውን ጨርሰው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ባል መለስ ይልና «አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር» ብሎ ዝም ይላል። ያ ለመናገር የከበደው ነገር አንዳንድ ጊዜ የብልት መጣመም ነው።

ለምሳሌ ያህል የ52 ዓመት ዕድሜ ያለውን አንድ ባለ ትዳር እንውሰድ። ብልቱ ሲቆም ያመው ጀመር። ቆየት ብሎ ሲዳብሰው ከቆዳው ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘ። ከዚያም ብልቱ ወደ ላይ መጉበጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገረም። ማታ ማታ ቤት የሚገባው ሚስቱ ከተኛች በኋላ ሆነ። እሷ ሌላ ሴት የያዘ መሰላት፤ እሱ ደግሞ ካንሰር የያዘው መሰለው። እንዲህ ሳይነጋገሩ ስምንት ወር አለፈ። ሁለቱም የገመቱት ትክክል አልነበረም። ነገር ግን ሕክምና ይበልጥ ሊጠቅም የሚችልበት ጊዜ በከንቱ አለፈ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ጊዜ እንዳይባክን ነው። ሕመሙ ስም ያለው፣ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ከ280 ዓመት በላይ የሆነው ሕመም ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ነገርም አለ። ይሁን እንጂ ከሚወራለትና ከሚሸጠው ሁሉ በእርግጥ የሚጠቅመው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ የቱ እንደሚሠራና የቱ እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁሉም መጣመም በሽታ ነውን?

አይደለም። ብዙ ወንዶች ብልታቸው ሲቆም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትንሽ ያዘነብላል። ይህ የተፈጥሮ ነው። ሕመም ካላስከተለና ግንኙነትን ካላወከ ምንም ሕክምና አያስፈልገውም።

ሌላው ዓይነት ከተፈጥሮ የሚመጣ፣ ከጉርምስና ዕድሜ ጀምሮ የሚታይና አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች የሚያጎብጥ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጠባሳ የለም፤ ሲነካም ጠጣር ነገር አይገኝም። ችግር የሚፈጥር ከሆነ የሚቃናው በቀዶ ሕክምና ስለሆነ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ሕክምናዎች ለእሱ አይደሉም።

የዛሬው ርእሳችን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ይኸውም ቀድሞ ቀጥ ያለ የነበረ ብልት በጎልማሳነት ዕድሜ፣ በተለይም ከ50 ዓመት ወዲህ፣ መጣመም ሲጀምር ነው። ይህ የፔይሮኒ ሕመም ይባላል። ስሙን ያገኘው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ሐኪም ከነበረውና ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1743 በጽሑፍ ከገለጸው ከፍራንሷ ዢጎ ደ ላ ፔይሮኒ ነው።

ብልት የሚጣመመው እንዴት ነው?

በብልት ውስጥ ጎን ለጎን የተጋደሙ ስፖንጅ የመሰሉ ሁለት ረጃጅም አካላት አሉ። ብልት የሚቆመው እነዚህ አካላት ደም ሲሞሉ ነው። አካላቱ ጠንካራ ሆኖ በሚለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለዋል። በፔይሮኒ ሕመም የዚህ ሽፋን አንዱ ወገን ጠባሳ ያወጣና መለጠጥ ያቅተዋል።

ነገሩን ለመረዳት ልጆች የሚነፉትን ፊኛ አስቡ። በፊኛው አንድ ጎን ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትነፉት ፕላስተር የሌለበት ጎን ሲለጠጥ የተለጠፈበት ጎን ባለበት ይቀራል። በዚህም ምክንያት ፊኛው ፕላስተሩ ወዳለበት ወገን ይጎብጣል። በብልት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጠባሳው በላይኛው በኩል ከሆነ ወደ ላይ፣ በጎን ከሆነ ወደ ጎን ይጣመማል። አንዳንዴም ከመሐል ሰርጎ ወገብ የወጣለት ይመስላል፤ ወይም ቁመቱ ይቀንሳል።

ከምን ይመጣል?

ብዙውን ጊዜ መነሻው በግንኙነት ወቅት የሚደርስ፣ ሰውየው ሳያስተውለው የሚያልፍ ትንሽ ጉዳት ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ እንዲህ ያለው ጉዳት በደንብ ይድናል። በአንዳንዱ ላይ ግን ሰውነት ቁስሉን ሲጠግን ከመጠን ያለፈ ጠባሳ ይሠራል። የመዳፍ ሥጋ ጠንክሮ ጣትን የሚያጥፍ፣ ዱፒትረን የሚባል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በፔይሮኒ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የስኳር በሽታና የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናም ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው ይታያሉ።

ከምን እንደማይመጣ ማወቁም እኩል ይጠቅማል።

– ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።
– የአባላዘር በሽታ አይደለም፤ ከሚስት ወደ ባልም ሆነ ከባል ወደ ሚስት አይተላለፍም።
– ሚስት በምትወስደው ኪኒን፣ መርፌ ወይም ሉፕ ምክንያት አይመጣም።
– የአለመታመን ምልክት አይደለም።

ይህ ሕመም ሰዎች እንደሚያስቡት እምብዛም የማይገኝ አይደለም። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ከ4,400 በላይ ወንዶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ከ100 ወንዶች 3 ያህሉ የሕመሙ ምልክት እንዳለባቸው ታውቋል። ስለሆነም ይህ ችግር ያለበት ባል ብቻውን አይደለም።

የሕመሙ ሁለት ደረጃዎች

ሕክምናው የሚወሰነው ሕመሙ ባለበት ደረጃ ስለሆነ ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ደረጃ ሕመሙ ገና የሚለዋወጥበት ነው። ብልት ሲቆም፣ አንዳንዴም ሳይቆም ያማል። መጣመሙም ከወር ወር ይጨምራል። ይህ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል።

ሁለተኛው ደረጃ የረጋው ነው። ሕመሙ ይጠፋል ወይም ይቀንሳል፤ መጣመሙም ባለበት ይቆማል። ቢያንስ ለ3 ወር ለውጥ ካልታየበት ረግቷል ይባላል።

«ዝም ብለን ብንጠብቅስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሕክምና ያልተደረገላቸውን 246 ወንዶች ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። መጣመም ከነበረባቸው ከ100 ሰዎች በራሱ የተሻላቸው 12 ብቻ ነበሩ። 40ዎቹ ባሉበት ሲቆዩ 48ቱ ተባብሶባቸዋል። ሥቃዩ ግን በ10 ሰዎች መካከል ለ9ኙ ያህል ጠፍቷል። ከዚህ የምንረዳው ሥቃዩ በጊዜ ብዛት እንደሚለቅና መጣመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደማይቃና ነው። ሥቃዩ ለቀቀኝ ብሎ «ድኛለሁ» ማለት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

ይህን ሕመም በይበልጥ የሚያውቀው የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። እዚህ ክሊኒክ ያለውን ነርስ ወይም ሐኪም ብታነጋግሩ ወደዚያ ይመራችኋል። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ የሚከተሉትን ነው።

ሀ. መቼ ጀመረ? አሁንም እየጨመረ ነው ወይስ ቆሟል?
ለ. ሥቃይ አለው? መቼ መቼ?
ሐ. ግንኙነት ማድረግ ይቻላል? ሚስትስ ያማታል?
መ. ብልት እንደ ቀድሞው ይጠነክራል?
ሠ. የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም አለ? የሚወሰድ መድኃኒትስ?

ሐኪሙ ጠባሳውን በእጁ ይዳብሳል። አስፈላጊ ሲሆንም በአልትራሳውንድ ያያል። መጣመሙ የሚለካው ብልቱ ቆሞ ስለሆነ ለዚሁ የሚያቆም መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ባል ቤት ሆኖ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሥቶ ቢመጣም ይረዳል። ፎቶውን ለሐኪሙ ካሳያችሁ በኋላ ከስልኩ ላይ አጥፉት።

መጠኑ የሚነገረው በዲግሪ ነው። የግድግዳ ሰዓት ተመልከቱ። በ12 ቁጥርና በ1 ቁጥር መካከል ያለው 30 ዲግሪ ነው፤ እስከ 2 ቁጥር 60፣ እስከ 3 ቁጥር ደግሞ 90 ዲግሪ ይሆናል። ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ ግንኙነትን የማያውክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሕክምናዎች

1. ማስታገሻና ክትትል

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሥቃዩን ለማስታገስ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እነዚህ ሥቃይ ያስታግሳሉ እንጂ ጠባሳውን አያጠፉም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዳቸው አይገባም። ከዚህ ጋር ሐኪሙ በየጥቂት ወሩ እየለካ ለውጡን ይመዘግባል።

2. የሚዋጡ መድኃኒቶች

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ኪኒን ነው። ለረጅም ዓመታት በብዛት ይታዘዝ የነበረው ቫይታሚን ኢ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶች ሲደረጉ መጣመሙን እንደማያቃና ታውቋል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ቫይታሚን ኢ፣ ታሞክሲፈን፣ ፕሮካርባዚንና ኦሜጋ-3 ለዚህ ሕመም እንዳይታዘዙ መክሯል። ስለሆነም በዚህ ስም ለሚሸጥ ቫይታሚን የቤት ወጪያችሁን አታውሉ።

3. ጠባሳው ውስጥ በቀጥታ የሚወጋ መርፌ

መድኃኒቱ በቀጭን መርፌ ወደ ጠባሳው ይገባል። ቦታው አስቀድሞ ስለሚደነዝዝ ሰዎች እንደሚፈሩት አያምም። ሦስት ዓይነት አለ።

ኮላጅኔዝ፦ ጠባሳው በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅኔዝ ይህን ፕሮቲን የሚቆራርጥ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለዚህ ሕመም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ነው። የሚሰጠው ቢያንስ 30 ዲግሪ ለተጣመመና ጠባሳው በእጅ ለሚዳሰስ ሰው ነው። መርፌው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ዙሩም በ6 ሳምንት ልዩነት እስከ አራት ጊዜ ይደገማል። በጠቅላላው እስከ 8 መርፌ ማለት ነው። በየዙሩም ብልትን በእጅ ቀስ ብሎ የማቃናት እንቅስቃሴ ይታከልበታል። ከ800 በላይ ወንዶች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች መጣመሙ በአማካይ በ34 ከመቶ ቀንሷል። መድኃኒት የሌለበት መርፌ በተወጉት ላይ ደግሞ በ18 ከመቶ ቀንሷል። ይህን በምሳሌ ስናየው 50 ዲግሪ የነበረው ወደ 33 ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ለአንዳንዱ ይህ ግንኙነት ለማድረግ ይበቃዋል፤ እንደ ድሮው ቀጥ ማለት ግን አይደለም።

መድኃኒቱ አደጋም አለው። ማበጥና መበለዝ የተለመደ ሲሆን አልፎ አልፎ የብልቱ ሽፋን ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ሐኪሙ እስከሚፈቅድ ድረስ፣ ይኸውም ለሳምንታት፣ ከግንኙነት መታቀብ ግዴታ ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው። በአውሮፓም እስከ 2020 ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከገበያ ወጥቷል። እናንተ ባላችሁበት አገር ይገኝ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ኢንተርፌሮን፦ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በየሁለት ሳምንቱ ለ12 ሳምንት ኢንተርፌሮን የተወጉ ወንዶች መጣመማቸው በአማካይ በ13 ዲግሪ ያህል ቀንሷል፤ የጨው ውኃ በተወጉት ላይ የቀነሰው 4 ዲግሪ ያህል ነው። ጉንፋን የመሰለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ያስከትላል። መድኃኒቱ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም።

ቬራፓሚል፦ ይህ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ሲሆን ጠባሳው ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ዋጋው ከሌሎቹ ይልቃል ባይባልም ማስረጃው ደካማ ነው፤ አንዳንድ ጥናት ሲጠቅም፣ ሌላው ሳይጠቅም አግኝቶታል። ቤት ውስጥ ያለውን የግፊት ኪኒን ለዚህ ሕመም ብሎ መዋጥ ግን ጥቅም የሌለውና አደገኛ ነው።

4. መሳቢያ መሣሪያ

ብልትን በቀስታ እየሳበ የሚያቆይ በእጅ የሚገጠም መሣሪያ ነው። ለወራት በቋሚነት የተሳበ ጠባሳ ቀስ በቀስ መለጠጥ ይጀምራል። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች በቀን ለብዙ ሰዓት መታሰር ነበረባቸው። ይህም ሥራ ላለው ሰው አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን አንድ አዲስ ዓይነት መሣሪያ በቀን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ፣ ለ3 ወር በመጠቀም መጣመሙ መቀነሱንና ቁመቱ ጥቂት መጨመሩን አሳይቷል። መሣሪያው በሕመሙ መጀመሪያ ላይም ሊጀመር ይችላል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። አንድ ሳምንት ሠርቶ የተወ ሰው ምንም አያገኝም። ቢደነዝዝ ወይም ቢጠቁር ወዲያው መፈታት አለበት።

አየር እየሳበ ብልትን የሚያቆም ፓምፕም አለ። ይህም በመለጠጥ ሊረዳ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ሊጠቀምበት አይገባም። ፓምፑ ቀለበት ያለው ከሆነ ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም።

5. በድምፅ ሞገድ መምታት

ከውጭ በኩል የሚሰጥ የሞገድ ሕክምና ነው። ጥናቶች የሚያሳዩት ሥቃይን እንደሚቀንስ፣ መጣመምን ግን እንደማያቃና ነው። ስለዚህ ሥቃዩ አልለቅ ላለው ሰው ሊታሰብ ይችላል። «ብልት ያቃናል» ተብሎ ከተሸጠላችሁ ግን የተነገራችሁ እውነት አይደለም። የጨረር ሕክምናም ለዚህ ሕመም አይመከርም።

6. ብልት እንደ ቀድሞው የማይጠነክር ከሆነ

ሁለቱ ችግሮች አብረው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም ሲልደናፊልን የመሰሉ መድኃኒቶች በሐኪም ይታዘዛሉ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊል ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ወይም ከጓደኛ እጅ ተቀብሎ መዋጥ አይገባም።

እንዳታደርጉ የምንመክራችሁ

– ብልትን በእጅ አስገድዶ ለማቃናት ወይም በእንጨትና በጨርቅ ለማሰር አትሞክሩ። ተጨማሪ ጉዳት ተጨማሪ ጠባሳ ያመጣል።
– ምንነቱ ያልታወቀ ቅባት ወይም ሥር አትቀቡ። የብልት ቆዳ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይቃጠላል።
– በፍል ውኃ ብቻ አትተማመኑ። ፔይሮኒ ራሱ በ1743 ለሕመምተኞቹ ያዘዘው ባሬዥ በሚባል የፈረንሳይ ቦታ የሚፈልቅ ፍል ውኃ ነበር። ፍል ውኃ ሰውነትን ያፍታታል እንጂ ጠባሳ አያሟሟም።

እስከዚያው ድረስ ግንኙነት

መጣመሙ ካልከለከለና ካላመመ ግንኙነት ማቆም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ብልት በደንብ ሳይቆም አትጀምሩ። አትቻኮሉ። የሚስት ክብደት በሙሉ በብልት ላይ የሚያርፍበትን አኳኋን ተዉ፤ ቢንሸራተትና ቢታጠፍ ጉዳት ያደርሳልና። ከሁለት አንዳችሁን ካመማችሁ ወዲያው አቁሙ።

ድርቀት ካለ ማለስለሻ መጠቀም ለሁለታችሁም ይበጃል። በኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ማለስለሻው በውኃ የተሠራው ዓይነት ይሁን። ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያበላሻሉ።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። ግንኙነት ሲቀር አንዳንድ ሴቶች «አሁን ምን ያደርግልኛል?» ብለው የመከላከያ መርፌያቸውን ወይም ኪኒናቸውን ያቋርጣሉ። ሕመሙ ግን የባልን ዘር አያጠፋም። ግንኙነቱ በተመለሰበት ዕለት ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ማቋረጥ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እዚሁ ክሊኒክ ጠይቁ። በአንጻሩ ልጅ የምትፈልጉና መጣመሙ ግንኙነት የከለከላችሁ ባልና ሚስት ደግሞ ይህንኑ ለሐኪም ንገሩ፤ መፍትሔ ይፈለግለታል።

ለባል

ይህን ሕመም ማንም አላመጣብዎትም፤ የወንድነት ጉድለትም አይደለም። ነገር ግን ልብን ይጎዳል። ሕመሙ ባለባቸው ወንዶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ግማሽ ያህሉ ሕክምና የሚያስፈልገው የመንፈስ ጭንቀት ተገኝቶባቸዋል። እንቅልፍ ካጡ፣ ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሁሉ በፊት ግን ለባለቤትዎ ይንገሩ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አሞኛል፤ ሲቆም ይጣመማል፤ አፍሬ ነው የሸሸሁሽ» ቢሏት ይበቃል። ዝምታዎን እሷ በሌላ እንደምትተረጉመው ይወቁ።

ለሚስት

ባልዎ ከሸሸዎት ጥርጣሬው ከመጠንከሩ በፊት ይጠይቁት። «ምን ሆነሃል? ያመመህ ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ «ከማን ጋር አመሸህ?» ከሚለው ይልቅ በር ይከፍታል። ሲነግርዎት አይሳቁ፤ ለእኅትም ለጎረቤትም አያውሩ። ግንኙነት የሚያምዎት ከሆነ ለእሱ ብለው አይቻሉት፤ ይንገሩት። ሐኪም ዘንድም አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። ሐኪሙ የሚለውን ሁለት ጆሮ ሲሰማው አይረሳም።

ቀዶ ሕክምናስ?

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሕመሙ ከጀመረ አንድ ዓመት ያህል ሲያልፈው፣ መጣመሙም ለወራት ረግቶ ግንኙነትን ሲከለክል ነው። ገና በሚለዋወጥበት ጊዜ ቢሠራ ዳግመኛ ሊጣመም ይችላል። በጣም ለተጣመመ ብልት ከሁሉ ይልቅ አስተማማኙ መንገድ ይኸው ነው። ቁመት ማሳጠርን የመሰለ ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ግን ባልና ሚስት አስቀድመው ከሐኪሙ ጋር ሊመክሩበት ይገባል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

– በግንኙነት ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ብልት ወዲያው ቢተኛ፣ ቢያብጥና ቢጠቁር፤ ይህ የብልት ስብራት የሚባለው ነው።
– ብልት ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ ቢቆይ።
– ሽንት ቢከለከል ወይም ከሽንት ቧንቧ ደም ቢወጣ።

እነዚህ ሲያጋጥሙ ሌሊትም ቢሆን፣ ቢያፍሩም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ውድ ባለ ትዳሮች፤ የነገርናችሁን ባጭሩ ስናጠቃልለው፣ ቀድሞ ቀጥ ያለ የነበረ ብልት መጣመም ከጀመረ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በማይጠቅም ኪኒን ጊዜና ገንዘብ አታባክኑ። መሳቢያውም ሆነ መርፌው መጣመሙን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም። ነገር ግን 50 ዲግሪ የነበረው 30 ሲሆን ትዳሩ ወደ ቀድሞ ሰላሙ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በሩ ጋ ደርሳችሁ «አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር» ለማለት ከዳዳችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ፤ ተመለሱና ጠይቁ። የምትነግሩን ምስጢር ከክፍሉ አይወጣም።

ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።